በጀልባ ወደ ጣና ገዳማት

ጣና ሐይቅ ሰፊ ነው። 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። ወዲህ ዳር ቆማችሁ የወዲያውን ዳር እናያለን ብትሉ አታዩትም። በውስጡ 37 ያህል ደሴቶች እንዳሉ ይነገራል። በርከት ባሉት ላይ የቆዩ ገዳማት አሉ። ወደ ደሴቶቹ የሚኬደው በጀልባ ነው።

እኛ በድባጤ ፊደል የምናስቆጥር ሦስት ተማሪዎች ነን። ከጎልማሶች ክፍል አምስት ሰዎች አብረውን መጡ፤ ሁለቱ እናቶች ናቸው። ክርስቲያንም ሙስሊምም ነበረን። በቻግኒና በእንጅባራ አድርገን ባሕር ዳር ገባን። የሞተር ጀልባ ተከራየንና ዋጋውን ለስምንት ተካፈልን። አስጎብኚም ያዝን።

መጀመሪያ የደረስነው ዘጌ ነው። ዘጌ ደሴት አይደለም፤ ወደ ሐይቁ የገባ ምድር ነው። ከጀልባ ወርደን በጫካ ውስጥ በእግር ሄድን። ጫካው ጥቅጥቅ ያለ ነው፤ ከዛፎቹ ሥር ያለው ሁሉ ቡና ነው። የአገሩ ሰዎች እንደሚተርኩት፣ አቡነ በትረ ማርያም የሚባሉ አባት በትራቸውን ሦስት ቦታ ቆርጠው ቢተክሉት ቡና፣ ጌሾና ሎሚ በቀለ። ከዚያ ወዲህ በዘጌ ሞፈር አይዞርም፤ በሬ ጠምዶ ማረስ ክልክል ነው። ይህን ሲሰማ ከእኛ አንዱ ገበሬ ቆም አለ።

«ታዲያ ምን ይበላሉ?»

ቡናውንና ጌሾውን ሸጠው እህል ይገዛሉ። ገበሬው አሰበና «ለዚህ ነዋ ዛፉ የቀረ!» አለ። እውነቱን ነው። ማረሻ ቢገባ ኖሮ ያ ጫካ እስከ ዛሬ አይቆይም ነበር።

በጫካው ውስጥ ዑራ ኪዳነ ምሕረት አለች። ቤተ ክርስቲያኗ ክብ ናት። ጫማችንን አውልቀን ገባን። በመካከል ያለው መቅደስ ግን አራት ማዕዘን ነው፤ ግድግዳው ከላይ እስከ ታች በሥዕል ተሞልቷል። ሥዕሉ በጨርቅ ላይ ተሥሎ የተለጠፈ ነው። በላዔ ሰብእ የሚባለው ሰው እዚያ አለ። 78 ሰው በላ ይባላል። በኋላ ግን በእመቤታችን ስም ለተጠማ ሰው ጥርኝ ውሃ ሰጠ፤ ሲመዘን ያቺ ውሃ በለጠች። ፊደል ያልቆጠረ ሰው ይህን ሁሉ ታሪክ ከግድግዳው ላይ በዓይኑ ይማር ነበር።

አስጎብኚው ቶሎ ቶሎ ይላል። ከሁለቱ እናቶች አንዷ ግን አልተከተለችውም። ከሥዕሉ ራስ በላይ የተጻፈችውን ደቃቃ ጽሕፈት ታያለች። ጣቷን ሳታስነካ፣ በአየር ላይ እያሳየች፣ ጮክ ብላ አነበበች። «ዘ፣ ከ፣ መ። ዘከመ!» ከዚያ ወደ እኛ ዞራ «ምን ማለት ነው?» አለች።

በአጠገባችን የነበረ ዲያቆን መለሰላት። ግእዝ ነው፤ «እንደ» ማለት ነው፤ እንዲህ እንዳደረገ፣ እንዲህ እንደሆነ ለማለት ይጻፋል። ፊደሉ እናንተ የቆጠራችሁት ፊደል ነው፤ ቋንቋው ሌላ ነው። ይህ ለእሷ አዲስ አልሆነም። የአፍ መፍቻዋ ሽናሻ ነው፤ ያነበበችው የአማርኛ ቃል ትርጉም እስኪገባት ስንት ጊዜ ጠይቃናለች! ከዚያ በኋላ ግድግዳውን እየዞረች የቅዱሳኑን ስም አንድ በአንድ አነበበችልን። አስጎብኚው ጠበቀን፤ ምን ያድርግ።

ቀጥሎ ወደ ክብራን ገብርኤል ሄድን። እዚህ ሴት አትገባም፤ በዳጋ እስጢፋኖስም እንዲሁ ነው። የገዳሙ ሥርዓት ነው፤ ከጥንት ጀምሮ ያለ ነው። እኛ ቅር ያለን በሌላ ነው። አስጎብኚው ይህን የነገረን ሂሳብ ከተቀበለ በኋላ ነው። እናቶቹም የከፈሉት እንደ እኛው እኩል ነበር። ጀልባው ላይ ቀሩ። ስንመለስ «እኛ ዓሣ ስንቆጥር ነበር» ብለው ሳቁብን።

በቻይናም ሰው በጀልባ እየሄደ የጥንት ቤተ መቅደስ ይጎበኛል። ያንግጼ በሚባለው ታላቅ ወንዝ ዳር ሺባውጃይ የሚባል አለ። 12 ደርብ ያለው የእንጨት ሕንጻ ከገደል ተጠግቶ ቆሟል። በ1995 ዓ.ም. ወንዙ በትልቅ ግድብ ተይዞ ውሃው ከፍ ማለት ጀመረ፤ በኋላም ዙሪያውን ግንብ ሠሩለት፤ ዛሬ እንደ ደሴት ሆኗል። በዚያው ወንዝ ዳር የነበረ ሌላ ቤተ መቅደስ ግን ፈርሶ በሌላ ቦታ እንደገና ተሠራ።

ማታ ስንመለስ ጀልባው ዓባይ ከሐይቁ ወደሚወጣበት አፍ ወሰደን። አስጎብኚው «ጉማሬ! ጉማሬ!» እያለ ይጠቁማል። ያ ገበሬ ግን ጉማሬውን አላየም። ውሃው በጢስ ዓባይ ወርዶ፣ ጎጃምን ዞሮ፣ በመተከል ግርጌ አልፎ፣ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ወደተመረቀው የጉባ ግድብ እንደሚገባ ነግረነው ነበር። እጁን ከጀልባው ዝቅ አድርጎ ውሃ ውስጥ ነከረ። «ይኸ ወደ እኛ ነው የሚሄደው» አለ።