ስለ እንግሊዝኛ ተማሪና ስለ እንቅልፉ

ብዙ ተማሪ እንግሊዝኛን እንደ ገደል ይፈራዋል። ነገር ግን ፈርቶ ሊተወው አይችልም። በ1986 ዓመተ ምሕረት ከወጣው የትምህርትና የሥልጠና ፖሊሲ ወዲህ በኢትዮጵያ የታናናሾቹ ክፍሎች ትምህርት በአፍ መፍቻ ቋንቋ ይሰጣል፤ ወደ እንግሊዝኛ የሚዛወርበት ክፍል እንደየክልሉ ቢለያይም፣ ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ ግን ሒሳቡም፣ ኬሚስትሪውም፣ ጂኦግራፊውም በእንግሊዝኛ ነው። ስለዚህ እስከዚያ ድረስ የደምን ዝውውር በአማርኛ አሳምሮ ያስረዳ የነበረ ልጅ፣ ስለዚያው ነገር በእንግሊዝኛ በተጠየቀ ጊዜ እንደ ዲዳ ዝም ብሎ ይቆማል። ቋንቋው ጠፋበት እንጂ ዕውቀቱስ ከእርሱ ጋራ ነው።

ይህ ልጅ ምን ያደርጋል? ቀኑ አልበቃው ይልና ከሌሊቱ ይበደራል።

ብዙ ጊዜም ከገጠር ወደ ከተማ የመጣ ነው። ከሁለት ባልንጀሮቹ ጋራ አንዲት ጠባብ ቤት ተከራይቶ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ወደ ወላጆቹ እየሄደ ስንቁን ተሸክሞ ይመለሳል። ከትምህርት ቤት ገብቶ፣ ውሃውን ቀድቶ፣ እንጨቱን ፈልጦ፣ ወጡን ሠርቶ ሲጨርስ መሽቷል። ያን ጊዜ መዝገበ ቃላቱን ከፊቱ ዘርግቶ በግራ በኩል እንግሊዝኛውን፣ በቀኝ በኩል አማርኛውን እያደረገ ይጽፋል። አምሳ ቃል ሳልይዝ አልተኛም ብሎ ምሏል። ዐይኑ ሲከብደው ፊቱን በቀዝቃዛ ውሃ ይታጠባል፤ ደግሞ ሲከብደው ቆሞ ያነባል። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ጋደም ይልና ዐሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ሲሆን ይነሣል።

የመጀመሪያው ሳምንት ደኅና ይሄድለታል፤ እንዲያውም በትጋቱ ይመካል። በሁለተኛው ሳምንት ራሱን ያመዋል፤ ዐይኑ ይቀላል፤ ከባልንጀሮቹም ጋራ በትንሽ ነገር ይጣላል። በክፍል ውስጥ መምህሩ ሲናገር የመጀመሪያውን ዐረፍተ ነገር ይሰማል፤ ሁለተኛውን በግማሽ ይሰማል፤ ሦስተኛው ሲመጣ እርሱ በዚያ የለም። ማታ የያዛቸው አምሳ ቃላት ጧት ሲፈለጉ ዐሥሩም አይገኙም። ከዚህ በኋላ ልጁ በራሱ ላይ የሚፈርደው ፍርድ ከራስ ምታቱ ይልቅ የሚያስፈራ ነው። «የኔ አእምሮ ለእንግሊዝኛ አልተፈጠረም» ይላል። ይህን ያለ ልጅ ወይ ትምህርቱን ይተዋል፣ ወይም ሰነፍነቴን አሸንፋለሁ ብሎ ከተረፈችው እንቅልፍ ላይ ደግሞ አንድ ሰዓት ይቀንሳል።

ፍርዱ ግን የተሳሳተ ነው። ሰው ሲተኛ አእምሮው ከሥራ አይወጣም። ገበሬ የወቃው እህል በዐውድማ ላይ ቢያድር ነፋስ ይወስደዋል፤ ወፍም ይለቅመዋል፤ የሚተርፈው ወደ ጎተራ የገባው ነው። ቀን የተማርነውም እንዲሁ ነው። አዲስ ነገር በመጀመሪያ የሚቀመጠው ሂፖካምፐስ በሚባለው የአንጎል ክፍል ነው፤ በከባድ እንቅልፍ ጊዜ አንጎል የቀኑን ትምህርት እየደጋገመ ወደ ሰፊው ማከማቻ ያጓጉዘዋል። ከባዱ እንቅልፍ የሚበዛው በሌሊቱ መጀመሪያ ነው፤ ሕልም የሚታይበት እንቅልፍ የሚበዛው ግን ወደ ንጋት ነው። ስለዚህ ሦስት ሰዓት ተኩል ብቻ የተኛ ሰው ካጣው እንቅልፍ ብዙው ይህ የኋለኛው ነው።

ይህ ነገር የተመረመረው ዛሬ አይደለም። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1924 ጄንኪንስና ዳለንባክ የተባሉ ሁለት ሊቃውንት በአሜሪካ በኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ሁለት ተማሪዎችን ትርጉም የሌላቸውን ዐሥር ዐሥር ቃላት በቃል አስጠኗቸው። ተማሪዎቹ ስምንት ሰዓት ተኝተው ሲጠየቁ ከዐሥሩ ከአምስት የሚበልጡትን መለሱ፤ ስምንት ሰዓት ነቅተው ከዋሉ በኋላ ሲጠየቁ ግን አንድ ያህል ብቻ ቀረላቸው። በሁለት ሰዎች ብቻ እንዴት ይፈረዳል የሚል ተከራካሪ ቢኖር ክርክሩ ደግ ነው፤ ነገር ግን ከዚያ ወዲህ በብዙ ሰዎች ላይ ብዙ ጊዜ ተፈትኗል። በ2007 ዱማይና ጋስከል የተባሉት ተመራማሪዎች ለእንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ከሚያውቁት ቃል ጋራ የሚመሳሰል አዲስ ቃል አስተማሩ። ጧት የተማሩት እስከ ማታ ድረስ ቃሉን ቢያስታውሱትም ገና እንደ እንግዳ ነበረ፤ ማታ ተምረው የተኙት ግን ሲነጋ አዲሱ ቃል ከአሮጌዎቹ መካከል ተጋፍቶ ስፍራውን ይዞ ተገኘላቸው። ቃልም እንደ እንግዳ ሰው ነው፤ ካላደረ ቤተኛ አይሆንም።

በተለይ እንግሊዝኛ ይህን ማደር አጥብቆ ይሻል። የአማርኛ ፊደል ታማኝ ነው፤ ማጥበቅና ማላላት ባይታይበት፣ «ገና» የተባለው በዓሉ ይሁን ጊዜው ባይለይ፣ የተጻፈው ሁሉ ይነገራል። እንግሊዝኛ ግን ቢላዋን «ናይፍ» ይልና በጽሕፈቱ ፊት የማትነገር «ኬ» ያቆማል። «ናይት» ሲል ሌሊት ማለቱ ይሁን ፈረሰኛ ጦረኛ ማለቱ በድምፅ አይለይም፤ በጽሕፈት ግን ሁለቱ የተለያዩ ናቸው። አፍም የራሱ ልማድ አለው፤ ሁለት ተነባቢ ሲገጥመው «እ» ጨምሮ «እስኩል» ይላል። ይህ ሁሉ ምክንያቱን ስለ ተረዱት ብቻ የሚገኝ አይደለም። ጆሮ እየሰማ፣ አፍ እየሞከረ፣ ሌሊት እያለፈበት ይለመዳል እንጂ። የደከመ ጆሮ ደግሞ «ሺፕ»ና «ሺፕ» ተብለው በአማርኛ ፊደል አንድ ሆነው የሚጻፉትን፣ መርከብና በግ ማለት የሆኑትን ሁለቱን ቃላት ሊለይ አይችልም፤ አንደኛው አጭር፣ ሁለተኛው ረዥም መሆኑን ለመስማት የነቃ ሰው ያስፈልጋል።

የጥንት መምህራን ይህን በልማድ ሳያውቁት አልቀሩም። በቤተ ክህነት ትምህርት ቤት ንባብ በቀን ይማሩታል፤ የቃል ትምህርት ግን በማታ ነው። ምክንያቱ መብራት ስለማይፈልግ ነው ይባላል፤ ይሁንና ልማዱ ከምክንያቱ ይበልጣል። ተማሪው ከመምህሩ ጥቂት ቃል ይቀበላል፤ በጨለማ እየደጋገመ ይተኛል፤ ሲነጋም ያንኑ ይመልሳል። አምሳ ቃል በአንድ ሌሊት የሚሰጥ መምህር በዚያ አልነበረም። እርግጥ ነው፣ ያ ኑሮ ሁሉ መልካም ነበረ ማለት አይደለም፤ የቆሎ ተማሪ በረኀብ፣ በብርድና በቁንጫ ያጣው እንቅልፍ ተቆጥሮ አያልቅም።

የዛሬው ተማሪ እንቅልፉን የሚያባርርበት መሣሪያ በዝቶለታል። የመጀመሪያው ቡና ነው፤ ስለ ቡና ክፉ መናገር ለኢትዮጵያዊ ይከብዳል። ሰው ነቅቶ በቈየ ቍጥር አዴኖሲን የሚባል ነገር በአንጎሉ እየተጠራቀመ «ተኛ» ይለዋል። በቡና ውስጥ ያለው ካፌይን ይህ መልእክተኛ የሚገባበትን በር ይዘጋል እንጂ መልእክተኛውን አይመልሰውም፤ በሩ ሲከፈት እንቅልፉ ከነወለዱ ይመጣል። ከሰው ሰው ቢለያይም፣ ከተጠጣው ካፌይን እኩሌታው ከሰውነት እስኪወጣ አምስት ሰዓት ያህል ይፈጃል። እንግዲህ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት የተጠጣ ቡና፣ እኩሌታው ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ላይ ገና አልወጣም። ጧት የሚጠጣውን ግን ማንም አይከለክለውም።

ጫት ከዚህ የባሰ ነው። በለጋው ቅጠል ውስጥ ያለው ካቲኖን እንቅልፍን ከማራቁ በላይ ልብን ያነሣሣል፤ በምርቃናው ሰዓት ተማሪው መጽሐፉ ሁሉ የገባው ይመስለዋል። በማግሥቱ ድብርት ይወርሰዋል፤ እንቅልፉም በጊዜው አልመጣ ስለሚለው ምርቃናውን በመጠጥ ሊሰብር ይሄዳል። አንዱን ለማጥፋት ሌላውን መለኮስ ነው።

ስልክም አለ። መዝገበ ቃላት በስልክ ውስጥ መግባቱ ለድኻ ተማሪ ትልቅ በረከት ነው፤ እንግሊዞች እንዴት እንደሚናገሩም በርሱ ይሰማል። ነገር ግን ከዐይን አጠገብ የሚበራ ብርሃን፣ ሰውነት ለእንቅልፍ የሚዘጋጅበትን ሜላቶኒን የሚባለውን ቅመም ያዘገየዋል። በጕርምስና ዘመን ደግሞ የሰውነት ሰዓት በራሱ ወደ ኋላ ይዘገያልና፣ ወጣት ቶሎ አለመተኛቱ ሁሉ ከጥጋብ የመጣ አይደለም። ቃል ሊፈልግ የከፈተው ስልክ ወደ ሌላ ጨዋታ እንደሚወስደው ግን ራሱ ያውቃል።

ሳይወዱ እንቅልፍ የሚያጡም አሉ፤ ከእነርሱም ብዙዎቹ ሴቶች ልጆች ናቸው። ወንድሟ ሲያጠና እርስዋ እንጀራ ትጋግራለች፤ ታናናሾቿን ታስተኛለች፤ ዕቃ ታጥባለች። ከቤቱ ሁሉ ኋላ ተኝታ ከቤቱ ሁሉ ቀድማ ትነሣለች። እንዲህ ያለችውን ልጅ «ጥናት አትወድም» ብሎ መውቀስ ግፍ ነው። አባት ለልጁ መዝገበ ቃላት መግዛቱ ደግ ነው፤ የቤቱን ሥራ ለወንዱም ለሴቷም እኩል ቢያካፍል ግን ከመዝገበ ቃላቱ ይልቅ ይጠቅማታል።

ሌሊት ዘበኛ ሆኖ እየጠበቀ ቀን የሚማርም አለ። በአሜሪካ አገር በዋሽንግተን ዙሪያ ከሚኖሩት ኢትዮጵያውያን ብዙዎች በመኪና ማቆሚያ ሲጠብቁ፣ ታክሲ ሲነዱ ኖረዋል፤ ሌሊት ሠርቶ ጧት በቀጥታ ወደ እንግሊዝኛ ክፍል የሚሄድ ሰው በመካከላቸው አይጠፋም። የዚህ ሰው እንቅልፍ በቀን ብርሃን መካከል የሚገኝ ስለሆነ፣ ቤቱን አጨልሞ፣ ስልኩን ዘግቶ፣ ቤተ ሰቡን አስጠንቅቆ እንደ ንብረት ሊጠብቀው ይገባዋል። ቢቻለውም መጀመሪያ ተኝቶ ወደ ከሰዓት በኋላው ክፍል ቢዛወር ይሻለዋል። በክፍል ሲያንቀላፋ ያየው መምህርም እርጅና ወይም ድንቍርና ነው ብሎ አይፍረድበት።

እንዲያውም መምህር ሁሉ በክፍሉ ያንቀላፋን ተማሪ ከመገሠጹ በፊት «ትናንት ማታ በስንት ሰዓት ተኛህ?» ብሎ በቀስታ ቢጠይቀው መልካም ነው። ጠጠር ወርውሮ ማንቃትና ልጆቹን ማሳቅ ቀላል ነው፤ ልጁ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ እንግሊዝኛን ከኀፍረት ጋራ አንድ አድርጎ ይጠላዋል።

የአሜሪካ የእንቅልፍ ሕክምና አካዳሚ በ2016 ባወጣው ምክር፣ ከ13 እስከ 18 ዓመት ያለ ልጅ በቀንና በሌሊት በድምሩ ከ8 እስከ 10 ሰዓት ይተኛ ይላል፤ ለዐዋቂ ሰው ደግሞ ሐኪሞች ከ7 ሰዓት እንዳያንስ ይመክራሉ። ይህን የሚሰማ ድኻ ተማሪ ይስቅ ይሆናል። ሙሉውን ባያገኝ እንኳ ከአምሳው ቃል ዐሥራ ሁለቱን መርጦ፣ ጮክ ብሎ አንብቦ፣ በእያንዳንዱ አንድ አንድ ዐረፍተ ነገር ሠርቶ ቢተኛ፣ ጧትም ደብተሩን ሳይገልጥ እነዚያኑ ቢጠይቅ በወሩ መጨረሻ ከፊተኛው ይልቅ ብዙ ቃል ይቈጥራል። የቸኰለ አፍሶ ይለቅማል የተባለው እንደዚህ ላለው ነው። በፈረቃ የሚማር ከሆነም ከሌሊቱ ይልቅ የሚያርፍበትን የቀን እኩሌታ ለጥናት ያድርገው።

አልጋ ላይ ወጥቶም ቃል እየቈጠረ፣ ፈተና እያሰበ እንቅልፍ እንቢ የሚለው አለ። እንዲህ ያለው ሰው እየተገላበጠ ከመታገል ይልቅ ተነሥቶ በደብዛዛ ብርሃን ጥቂት ቈይቶ፣ እንቅልፉ ሲመጣ ቢመለስ ይሻለዋል፤ ባይተኛም የመነሻ ሰዓቱን አይለውጥ። በሳምንት ሦስት ሌሊትና ከዚያም በላይ እንቅልፍ እያጣ ሦስት ወር ያለፈው ከሆነ፣ ይህ ሐኪሞች ሥር የሰደደ የሚሉት ሕመም ነውና ወደ ሐኪም ይሂድ እንጂ የጎረቤቱን ኪኒን አይዋጥ።

ከ2015 ዓመተ ምሕረት ጀምሮ የዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ለብሔራዊው ፈተና ወደ ዩኒቨርሲቲዎች እየሄዱ በዚያ ማደር ጀምረዋል። በአዲስ አልጋ፣ ከማያውቃቸው ልጆች ጋራ በአንድ ክፍል የሚያድር ልጅ በዚያ ሌሊት እንቅልፉ ቢዘገይበት አይደንግጥ፤ ለወራት በደኅና ተኝቶ ያጠራቀመውን አንድ ሌሊት አያጠፋበትም። የሚጎዳው መብራት ስር ተቀምጦ እስኪነጋ አዲስ ቃል ሲለቅም ያደረው ነው። በማግሥቱ ረዥሙን የእንግሊዝኛ ንባብ ከፊቱ ሲያኖሩለት የመጀመሪያውን መስመር ሦስት ጊዜ አንብቦ አራተኛ ጊዜ ይጀምረዋል፤ ሰዓቱም ይሄዳል።