የቆጣሪ ሳጥኑ ንብ

ነገሩን ያነሣው አጭር ቪዲዮ ነው። የጸሐፊው የእህት ልጅ ከፊኒክስ፣ አሪዞና ላከችለት። የውኃ ቆጣሪ የተቀበረበት ሳጥን ይታያል፤ በክዳኑ ቀዳዳ ንብ ይወጣል፣ ይገባል። ከሥሩ፣ "ጋሼ፣ ገዳይ ንብ ግቢያችን ሰፈረ" ብላ ጽፋለች። ጸሐፊው ለአጎቱ አሳያቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ጎጃም ውስጥ ከቀፎ ጋር የኖሩት አጎት ስልኩን አስጠጉ፣ አራቁ፣ ደግመው አስጠጉና፣ "ንብ ነው እንጂ ምኑ ነው ገዳይ? አውራውን ይዘው ቀፎ ውስጥ አያስገቡትም?" አሉ።

ጸሐፊው ግን ሌላ ነገር ትዝ አለው። አሜሪካኖቹን ያስደነገጠው ገዳይ ንብ መነሻው የሐበሻ ንብ ነው እያለ ብርሌ በያዘ ቁጥር ሲያወራ ኖሯል። ከማን እንደሰማው አያስታውስም። ይህንኑ ለእህቱ ልጅ ሊጽፍላት ሲል ግን ጣቱ ቆም አለ። እስቲ ይጣራ።

ተጣራ፤ አልሆነም።

በ1956 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጅ ይቆጠሩ) ዋርዊክ ኬር የተባሉ ብራዚላዊ የዘረመል ተመራማሪ ወደ አፍሪካ መጡ። ከአውሮፓ የሄደው ንብ የብራዚል ሙቀት አልስማማው ብሎ ማሩ አነስተኛ ስለነበር፣ ሙቀት የለመደ ንብ ፈልገው ነው። አውራዎቹን ግን ያገኙት ከደቡብ አፍሪካና ከታንዛኒያ ነው። ከእኛ አገር አንድም አልተወሰደም። በዓመቱ፣ ሳኦ ፓውሎ ግዛት ውስጥ ሪዮ ክላሮ አጠገብ፣ የቀፎዎቹ በር ላይ ሠራተኛዋን የሚያሳልፍ፣ ወፍራሟን አውራ ግን የሚያስቀር ወንፊት ተገጥሞ ሳለ አንድ እንግዳ ንብ አናቢ ብቅ አለ። ንቦቹ በወንፊቱ ሲጋፉ አይቶ አነሣላቸው ይባላል። 26 ኅብረ ንብ ከነአውራቸው ወደ ጫካ ገቡ። ጸሐፊው በዚህ ሰው ላይ ቂም ይዟል። አዛኝ ቅቤ አንጓች! ኬር ስማቸው እስከ ዕለተ ሞታቸው ከንቡ ጋር ሲነሣ ኖረ፤ በ2018 በ96 ዓመታቸው አረፉ። የዚያ እንግዳ ስም ግን ሲነሣ አይሰማም።

"ገዳይ" የሚለውን ስም በ1960ዎቹ ጋዜጦችና መጽሔቶች አራገቡት። ኬር የብራዚልን ወታደራዊ መንግሥት በመቃወማቸው ሁለት ጊዜ ታስረው ስለነበር ስሙ ለባለሥልጣናቱም ተመችቷቸዋል የሚሉ አሉ። ጸሐፊው ይህ አሳማኝ ይመስለዋል፤ መርዙ ከአውሮፓው ንብ መርዝ አይብስማ። የሚብሰው የሚወጣው ብዛት፣ የሚያሳድደው ርቀትና ቶሎ አለመርሳቱ ነው። አንዷ ስትነድፍ ሙዝ ሙዝ የሚል ሽታ ትለቃለች፤ ሌሎቹ በዚያ ሽታ ይጠራራሉ።

ንቡ ጫካ ለጫካ ወደ ሰሜን ተጓዘ። በጥቅምት 1990 ቴክሳስ ውስጥ ሂዳልጎ ደረሰ። ከተማዋ በመፍራት ፈንታ ግዙፍ የንብ ሐውልት አቆመች። በ1993 ተራው የአሪዞና ሆነ።

እዚህ ላይ ቢበቃ ጥሩ ነበር። ጸሐፊው ግን በቀላሉ እጁን የሚሰጥ አይደለም። ኬር የወሰዱት ንብ በሳይንስ ስሙ ስኩቴላታ ይባላል። እንግዲህ ስኩቴላታ ኢትዮጵያ ውስጥ ከተገኘ፣ ልጁ የእኛ ባይሆን እንኳ የአጎት ልጅ ነው! በ2004 የታተመ፣ ኢትዮጵያውያን ተመራማሪዎች ያሉበት ጥናት የአገሪቱን ንብ በአምስት ከፍሎታል፦ ጀመኒቲካ፣ ስኩቴላታ፣ ባንዳሲ፣ ሞንቲኮላ፣ ወይ-ጋምቤላ። ስኩቴላታ አለ! ጸሐፊው ብርሌውን ሊያነሣ ሲል የ2011ዱ ጥናት መጣ። ሌሎች ተመራማሪዎች ንቡን ደግመው ለክተው፣ የኢትዮጵያ ንብ ከጎረቤቶቹ የተለየ፣ ራሱን የቻለ ንዑስ ዝርያ ነው፤ ስሙም ሲሜንሲስ ይባል አሉ። የራስ ንብ ማግኘት ያኮራል፤ አሪዞና ያለ ዘመድ ማጣት ግን ያስከፋል። ክርክሩ ሁሉ የክንፍ ደም ሥር፣ የእግር ርዝመት፣ የፀጉር ቁመት ነው። ጸሐፊው ለዚህ ሲል ሁለት ሌሊት እንቅልፍ ማጣቱን ባለቤቱ ትመሰክራለች።

አሪዞና ግን የዘር ሐረግ አይጨንቀውም። እዚያ ንብ ማነብ ከሁሉ በፊት የውኃ ጉዳይ ነው። በ2023 ፊኒክስ ውስጥ የዕለቱ ከፍተኛ ሙቀት ለ31 ቀናት በተከታታይ ከ43 ዲግሪ በታች አልወረደም። ንብ ደግሞ እጩን 35 ዲግሪ አካባቢ ካላቆየ ይሞትበታል። ስለዚህ ጠብታ ውኃ ያመላልሳል፣ በቀፎው ውስጥ ይቀባዋል፣ በክንፉ ያራግባል። ውኃ ካጣ የማር እንጀራው ይለሰልስና ከነማሩ ይዘረገፋል። ታዲያ ንቡ የጎረቤት መዋኛ ይሁን የውሻ ሳህን አይመርጥም። አንዴ ከለመደ ማስተው ከባድ ስለሆነ፣ ብልህ ንብ አናቢ በጋው ሳይገባ ጠጠር የተበተነበት የውኃ ገንዳ ያስቀምጣል፤ ንቡ ጠጠሩ ላይ ቆሞ ይጠጣል፣ አይሰጥምም። ቀፎው ነጭ ይቀባል፣ ከተቻለም ጥላ ሥር ይሆናል።

የበረሃው ንብ ድርቅ ሲበረታ ባለቤቱን ሳይሰናበት ቀፎውን ጥሎ ይሄዳል። ለመስፈርም ሰፊ ቦታ አይጠይቅም፤ የግንብ ስንጥቅ፣ የተገለበጠ ባልዲ ወይም የቆጣሪ ሳጥን ይበቃዋል። ለመግራት የሚታዘዘው ብልሃት አውራዋን መለወጥ ነው። ቁጡዋ ትወጣለች፣ በምትኳ ከገራም ዘር የሆነች፣ ጀርባዋ ላይ የቀለም ነጥብ ያለባት ትገባለች። የሠራተኛ ንብ ዕድሜ በሥራ ወቅት ስድስት ሳምንት ገደማ በመሆኑ፣ በሁለት ወር ግድም ቀፎው ሙሉ የአዲሷ ልጆች ይሆናል። ነጥቡ ከጠፋ ግን ወዮ! ንቦቹ በራሳቸው ሌላ አንግሠዋል፤ እሷም በሰማይ ላይ ከበረሃው ድንጉላዎች ጋር ተዳቅላ ተመልሳለች ማለት ነው። (አማርኛ ይህችን እናት "አውራ" ማለቱ ሌላ ወግ ይወጣዋል።)

ጸሐፊው የአሪዞናን ምክር ለአጎቱ ተረጎመላቸው። ጢስ አብዙ፣ ቀፎን ከቤት አርቁ፣ ቀፎና ቀፎን አታቀራርቡ፣ በቀትር አትነካኩ። በሌሊት፣ የኩበት ጢስ እያጨሱ ማር የሚቆርጡት አጎት፣ "ይሄን ለማወቅ ነው ዩኒቨርሲቲ የገቡት?" አሉ።

አጎቱን ይበልጥ ያስገረማቸው ዛፉ ነው። የአሪዞና ንብ ዋና ቀለቡ መስኪት የሚባል እሾሃም ዛፍ ነው፤ ከአሜሪካ አህጉር መጥቶ አፋር ውስጥ ግጦሹን የዋጠው ፕሮሶፒስ የቅርብ ዘመዱ ነው። እነሱ የአፍሪካን ንብ ተቀበሉ፣ እኛ የአህጉራቸውን ዛፍ፤ ሁለቱንም አምጪዎቹ ያመጧቸው ለጥቅም ብለው ነበር።

የእህቱ ልጅ ከሦስት ቀን በኋላ ደወለች። ሲመሽ አንድ ሰው ከላይ እስከ ታች ተሸፋፍኖ መጣ፤ ሳጥኑን በሳሙና አረፋ ሞላው፣ የሞተውን ንብ በአካፋ ዛቀ፣ ቀዳዳውን በጥቅጥቅ ሽቦ ወንፊት ደፈነ። ከሳጥኑ ሦስት የእጅ መዳፍ የሚያህል ነጭ የማር እንጀራ ወጣ አለች።

አጎት ስልኩን ተቀበሉ። "ማሩስ?" አሉ።

"አረፋ ነክቶታል፤ ጣለው፣ አባባ።"

አጎት ስልኩን ለጸሐፊው መለሱለት። እስከ እራት ድረስ ማንንም አላናገሩም።