ጉንፋን ምስክር አይሆንም

ባሕር ዳር በኅዳር ወር ቀኑ ፀሐይ፣ ሌሊቱ ብርድ ነው። ጣና ዳር ተቀምጦ ያመሸ ሰው በማግሥቱ አፍንጫውን ሲጠርግ ቢውል አይደንቅም። በአንድ ክፍል የምናድር እኛ አራት ተማሪዎች ግን ባለፈው ኅዳር አንዳችንን ጉንፋን ቢይዘው፣ ነገሩን ከብርዱ አላያያዝነውም። ወዳጃችን ከ3 ሳምንት በፊት ከአንዲት ልጅ ጋር ያለ ኮንዶም አድሮ ነበርና፣ ባነጠሰ ቁጥር ኤች አይ ቪ ነው እያልን ፈረድንበት።

ያን ሰሞን ሁላችንም ሐኪም ሆንን። ግንባሩን ዳሰስን፤ አንገቱን ነካካን፤ ዳማ ከሴ አሽተን አጠጣነው። «ሄደህ ተመርመር» ያለው ግን አልነበረም። ይኸውም ወረፋ ላይ የሚያውቀን ሰው እንዳያየን ነው። ከበሽታው ይልቅ መታየቱን ፈራን።

ኅዳር 12 ቀን የሰፈሩ ሰው ቆሻሻውን ሲያቃጥል ጢሱ ገብቶ አራታችንንም አሳለን። ያን ጊዜ ታሪክ የሚያጠናው ጓደኛችን፣ ይህ ልማድ በ1911 ዓ.ም. ብዙ ሕዝብ ከፈጀው ከኅዳር በሽታ የቀረ መሆኑን አስታወሰንና፣ «እነዚያስ መርማሪ ስላልነበራቸው አጠኑ፤ እኛ ምን ሆነን ነው ንፍጥ እያየን የምንጠነቁለው?» አለ። ሳቅን፤ አፈርንም። በማግሥቱ አራታችንም ወደ ጤና ጣቢያ ሄድን።

የተቀበሉን ሲስተር ነገሩን በቀስታ አስረዱን። ኤች አይ ቪ ከ2 እስከ 4 ሳምንት ባለው ጊዜ ትኩሳት፣ የጉሮሮ ሕመም፣ የንፍፊት ማበጥና ሽፍታ ሊያመጣ ይችላል፤ በብዙ ሰው ላይ ግን ምንም አያሳይም። ማስነጠስና የአፍንጫ ፈሳሽ ይበልጡን የጉንፋን ጠባይ ነው። ስለዚህ የሚፈርደው ደም እንጂ ሳል አይደለም። የዛሬው ውጤት ነጻ ቢልም ከ3 ወር በኋላ መደገም አለበት። «በ72 ሰዓት ውስጥ ብትመጣ ኖሮ መከላከያ መድኃኒት ነበረልህ፤ የበላህ ፍርሃት ነው ልጄ» አሉት። ከዚያ ወደ ሦስታችን ዞረው፣ «እናንተስ?» ሲሉ ሁላችንም መሬት መሬት አየን።

ወዳጃችን ያን ቀንም፣ በየካቲት ሲደግምም ነጻ ሆነ። ጉንፋኑ ግን በ1 ሳምንት ለቆታል። ቂጥኝ የተገኘበት ከሦስታችን አንዱ፣ አንድም ቀን ያላስነጠሰው ነው። መርፌውን ተወግቶ ታከመ። ማን እንደሆነ አንናገርም፤ ከእኛ አንዱ ነው።

እስከ ዛሬ የሚከነክነን ሌላ ነገር አለ። በእነዚያ ሁሉ ሌሊቶች የወዳጃችንን ትኩሳት ስንለካ፣ «ልጅቱስ እንዴት ናት?» ብሎ የጠየቀ ከመካከላችን አልነበረም። እርሷም በዚሁ ከተማ፣ በዚሁ ብርድ ውስጥ፣ ምናልባት ብቻዋን ትፈራ ይሆናል። በኋላ ወዳጃችን ሄዶ ነገራት፤ እርሷም ተመረመረች።

እንግዲህ ጓደኞቻችን፣ ሳል ሲይዛችሁ ሻይ ጠጡ፤ ስጋት ሲይዛችሁ ግን ተመርመሩ። ጤነኛ መምሰልም እንደ ጉንፋኑ ምስክር አይሆንም።