መሪውን ማን ይያዝ?

31 ዓመት የጭነት መኪና ነድቻለሁ። እስከ 1990 ዓ.ም. አሰብ፣ ከዚያ በኋላ ጅቡቲ፣ በመሀል በመሀሉ ደግሞ ከጎንደር ተነሥቼ በሊማሊሞ ቁልቁል ወደ ሽሬ። ይህን የማነሣው ለጉራ ብቻ አይደለም (ትንሽ ጉራም አለበት፣ አልዋሽም)፤ ቀጥዬ የማጫውታችሁ ነገር ያለዚህ ስለማይገባ ነው።

ባለፈው ሐምሌ ሮም የምትኖረው ልጃችን እኔንና እናቷን ለወር ያህል ጠርታን ነበር። ባለቤቴ ገና ፓስፖርቷ ላይ ቪዛ ሳይመታ ጀምሮ የምትለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ አማልፊ ሄዳ የሐዋርያው እንድርያስ ዐፅም ያረፈበትን ቤተ ክርስቲያን መሳለም። አማልፊ ከናፖሊ ወደ ደቡብ ሲሄዱ የምትገኝ፣ ጀርባዋን ለተራራ፣ ፊቷን ለባሕር የሰጠች ትንሽ ከተማ ናት። ልጄና ባሏ በሥራ ቀን ስለማይመቻቸው ቅዳሜና እሑድን መረጥን። የሰባት ዓመቷ የልጅ ልጄም ከመጣን ጀምሮ “ባሕር፣ ባሕር” ስትል ስለከረመች ደስታዋን አልቻለችውም። መሄዱ ላይ ማንም አልተከራከረም። ጠቡ የመጣው በምን እንሂድ ላይ ነው።

የባሕር ዳርቻው መንገድ ሜታ ከምትባል ከተማ ተነሥቶ ቪየትሪ እስኪደርስ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በእኛ አገር ሂሳብ ቢሾፍቱ ደርሶ ቡና እንደመጠጣት ነው። ነገር ግን መንገዱን በ19ኛው ክፍለ ዘመን የናፖሊ ነገሥታት ያሠሩት ለጋሪና ለፈረስ ነው። በአንድ ወገን ቋጥኝ፣ በሌላው ወገን ገደልና ባሕር፤ ሁለት አውቶቡሶች ኩርባ ላይ ከተገናኙ አንደኛው ቆሞ ሌላውን ማሳለፍ አለበት። አማቼ በስልኩ ቪዲዮውን ሲያሳየኝ “ይህማ አስፋልት የለበሰ ሊማሊሞ ነው!” አልኩ። ሊማሊሞን ራሱ በወረራው ዘመን የቀደዱት ጣልያኖች ስለሆኑ ነገሩ እንዲያውም እንደ ዘመድ ቤት ሆኖ ታየኝ። ቋንቋውም ቢሆን ጋራዥ ውስጥ ላረጀ ሰው እንግዳ አይደለም፤ ፍሬን፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ጎማ፣ ፓራውልት፣ ካቻቢቴ። እነዚህን ስደረድርላት የልጅ ልጄ በሳቅ ፈርሳ “አባባ ጣልያንኛ ይችላል!” ብላ ለእናቷ ልትናገር ሮጠች።

ለማንም ያልነገርኩት ነገር ነበር። መንጃ ፈቃዴን ገና አዲስ አበባ ሳለሁ በሕጋዊ መንገድ ወደ ጣልያንኛ አስተርጉሜ በሻንጣዬ ይዤ መጥቻለሁ።

ሐሙስ ማታ እራት ላይ ወረቀቱን አወጣሁት። አማቼ ጨዋ ልጅ ነው፣ ቀስ ብሎ፣ “አባባ፣ እኔ ልንዳና እርስዎ ባሕሩን እያዩ ይምጡ” አለኝ። ከፋኝ። እሱ ከሮም መንገድ ሌላ የት ነድቷል? ገደል ላይ በስንተኛ ማርሽ እንደሚወረድ እንኳ መኖሩን እጠራጠራለሁ፣ ይወቅም አይወቅም። ይህንኑ በሌላ ቃል አሽሞንሙኜ ነገርኩት። ልጄ ጣልቃ ገባች።

“አባዬ፣ አንተም ንዳው እሱም ይንዳው፣ መኪናው ራሱ አያስኬደንም” አለች።

ለካ በበጋ ያ መንገድ የሰሌዳ ተራ አለው። በፈረንጆቹ ከጁን 15 እስከ ሴፕቴምበር 30 ቅዳሜና እሑድ፣ በኦገስት ደግሞ ወሩን ሙሉ፣ ከጧቱ 4 ሰዓት እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት ድረስ፣ ቀኑ ጎዶሎ ሲሆን የሰሌዳቸው የመጨረሻ አኃዝ ጎዶሎ የሆነ መኪኖች፣ ቀኑ ሙሉ ሲሆን ሙሉ የሆኑት አያልፉም። እኛም በኮሮና ጊዜ አዲስ አበባ ላይ የቀመስነው ዓይነት ነው። ቅዳሜና እሑድ ተከታታይ ቀናት ስለሆኑ ሰሌዳህ ምንም ይሁን ምን አንዱ ቀን ያንተ አይደለም። ወይ ትገባለህ አትወጣም፣ ወይ በሌሊት ተነሥተህ ትወጣለህ። መኪና ማቆሚያውም በሰዓት ነው የሚከፈለው፤ ቦታ ከተገኘ።

“እሺ ከጧቱ 4 ሰዓት በፊት እንገባለን፣ እሑድም በሌሊት እንወጣለን” አልኩ። መልስ አላጣሁም። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ በሌሊት ስወጣ ነው የኖርኩት።

ልጄ አውቶቡስ ይሻላል አለች። ርካሽ ነው፣ ትኬቱን አስቀድሞ ሲጋራ መሸጫ ሱቅ መግዛት ብቻ ነው፤ ችግሩ በበጋ ሰልፉ ነው፣ ሞልቶ ከመጣ መንገድ ላይ ለቆመ ሰው አይቆምም። ይህን ስታስረዳ ባለቤቴ እስከዚያ ድረስ አንድ ቃል አልተነፈሰችም ነበር። ሳህኗን ገፋ አድርጋ እኔን እያየች፣

“ለእኔ አውቶቡሱም መኪናውም አንድ ነው። እኔን የሚገድለኝ መታጠፊያው ነው። ሊማሊሞ ላይ ሦስት ጊዜ ሲያስመልሰኝ አንዴ እንኳ አልቆምክልኝም” አለች።

ልጄ ይህን ታሪክ ሰምታው አታውቅም። እኔም ከሠላሳ ዓመት በላይ አልሰማሁትም። ኅዳር 1984 ዓ.ም. ነው፤ በተጋባን በዓመቱ፣ ለጽዮን ማርያም አክሱም ላደርሳት ረዳቴን ከኋላ ጭነቱ ላይ አስቀምጬ እሷን ጋቢና አስገባኋት። ሎሚ እያሸተተች ነበር የወጣችው፣ ደባርቅ ላይ ደህና ነበረች። ቁልቁለቱን ስንጀምር ሎሚውም አልረዳት። መስኮቱን ከፍታ አንገቷን አውጥታ… እኔ መሪዬን ይዤ “በርቺ፣ ሊያልቅ ነው” እያልኩ ወረድኩ። ከኋላዬ ተሳቢ የጎተቱ ሦስት መኪኖች ነበሩ። የተጫነ መኪና ቁልቁለት ላይ ማቆምና ማስነሣት ፍሬን ማጋል ነው። ይህ ሁሉ እውነት ነው። አንድ ሜዳ የሆነ ቦታ ግን ነበረ፤ አውቀዋለሁ፣ ሌላ ጊዜ ጎማ ቀይሬበታለሁ። አለፍኩት።

ምን እንደምመልስላት ስላጣሁ ከዚያ የባሰውን አወጣሁ። ከመምጣታችን በፊት የዓይን ሐኪም ጋ ሄጄ ነበር። በግራ ዓይኔ ሞራ ጀምሯል። ቀን ቀን ምንም አይለኝም፤ ከብርሃን ወደ ጨለማ ስገባና መብራት ፊት ለፊት ሲመጣብኝ ግን ብርሃኑ እንደ ተሰበረ መስታወት ይበተንብኛል። ያ መንገድ ደግሞ ዋሻዎች አሉት፤ ከሚያቃጥል ፀሐይ በአንድ ጊዜ ጨለማ ውስጥ ያስገባል። በቪዲዮው አይቼዋለሁ። አይቼውም ነበር ወረቀቱን ያወጣሁት።

ልጄ አፏን በእጇ ያዘች። አማቼ ውኃ ቀዳልኝ፣ ምን እንደሚያደርግ ግራ ገብቶት ይመስለኛል። ባለቤቴ ግን አልደነገጠችም።

“አውቃለሁ” አለች። “ማታ ደረጃ ስትወርድ ግድግዳ ትዳብሳለህ።”

ከዚያ በኋላ ውይይቱ አጭር ሆነ። ልጄ ካርታውን ገልብጣ አሳየችን። ከሮም ሳሌርኖ በፈጣን ባቡር ሁለት ሰዓት ገደማ ነው። ሳሌርኖ ከባሕሩ ዳር ሜዳ ላይ የተዘረጋች ትልቅ ከተማ ናት፣ ማደሪያውም ከአማልፊ ይረክሳል፣ ለጉልበትም ይመቻል። ከባቡር ጣቢያው ጥቂት እንደተራመዱ ደግሞ ወደብ አለ፤ ከዚያ እነሱ ትራጌቶ የሚሉት የመንገደኛ ጀልባ በ35 ደቂቃ አማልፊ ያደርሳል። ዋጋው ከአውቶቡሱ ብዙ እጥፍ ነው። ኩርባ ግን የለውም። መንገዱ ከመቀደዱ በፊት የዚያ አገር ሰው ከከተማ ከተማ የሚሄደው በጀልባ፣ አለዚያም በበቅሎና በእግር መንገድ ነበር፤ ስለዚህ እንግዳ ነገር አላደረግንም።

እውነቱን ለመናገር እኔ ባሕር እፈራለሁ። አሰብ ስመላለስ ዓመታት ሳየው እግሬን እንኳ ነክሬበት አላውቅም። ዋና የሚባል አልችልም። ገደል ላይ ቢያንስ ፍሬኑ በእኔ እግር ሥር ነው። ቅዳሜ ጧት ወደብ ላይ ጀልባው ሲወዛወዝ ሳይ ጉልበቴ ከዳኝ፤ የልጅ ልጄ እጄን ይዛ አስገባችኝ፣ እሷ እኔ የያዝኳት መስሏት ይሆናል። ልጄ መሀል ላይ አስቀመጠችን፤ ጀልባ ከጫፎቹ ይልቅ መሀሉ ላይ ያነሰ ይወዛወዛል። እናቷንም “ዓይንሽን ከአድማሱ አትንቀዪ” አለቻት። ባለቤቴ ሎሚዋን በመዳፏ ይዛ ነበር፤ ሳታሸተው ደረስን።

ከባሕሩ ላይ መንገዱ ይታያል። ቋጥኙ ወገብ ላይ እንደ መቀነት ተጠምጥሟል፤ አውቶቡሶቹ የብርጭቆ ዶቃ ያክላሉ፣ ኩርባ ላይ ይቆማሉ፣ ይሳሳባሉ፣ ያልፋሉ። እያንዳንዱን ኩርባ በስንተኛ ማርሽ እንደምገባው እያሰላሁ ነበር የሄድኩት። ይህ በሽታ መቼም አይለቅም።

አማልፊ ስትደርሱ ካቴድራሉ 62 ደረጃ አለው። ባለቤቴ እያረፈች አንድም ሳታስቀር ወጣችው፤ ዐፅሙ ያለበት ምድር ቤት ለመድረስ ደግሞ እንደገና መውረድ አለ። ስትጸልይ ብዙ ስለቆየች እኛ ውጭ ጠበቅናት። ዓይኗ ቀልቶ ስትወጣ ማንም ምንም አልጠየቃትም። ከታች ባለው ጎዳና የሚሸጠውን ሎሚ ስታይ ግን “ይህ ሎሚ ነው? ይህማ ትርንጎ ነው!” ብላ ጮኸች። ተራራውን በእርከን ቆርጠው የሚያለሙት ሎሚ ነው፣ አንዱ መዳፍ ይሞላል። ሁለት ገዛን።

ዕቅዳችን እዚህ ድረስ ብቻ ነበር የያዘው። ከሰዓት በኋላ ነፋስ ተነሣ፣ ባሕሩ ነጭ አረፋ አወጣ፣ ጀልባ የለም ተባለ። በጀልባ የምትሄዱ ሁሉ ይህን በሐሳባችሁ ያዙ፤ ባሕሩ ከተናወጠ ትኬታችሁ ወረቀት ነው፣ ገንዘቡ ቢመለስም መመለሻውን ራሳችሁ ትፈልጋላችሁ። የቀረው አውቶቡስ ነበር። አንድ ነገር በጀን፤ አማልፊ መነሻው ስለሆነ ቀድመን ተሰልፈን ፊት ለፊት መቀመጫ አገኘን። የታመመ ሰው ይዛችሁ ከሆነ መንገድ ላይ ሳይሆን መነሻው ላይ ተሳፈሩ፣ ከፊትም ተቀመጡ።

ሾፌሯ ልጄን የምታክል ሴት ናት። ከአማልፊ ወደ ሳሌርኖ ሲኬድ ቀኝ መሥመሩ የባሕሩ ወገን ነው፤ ጎማው ከአጥሩ ስንት ጣት እንደራቀ ከላይ ሆኜ አየሁት። ከኩርባው በፊት ጡሩንባ ነፋ ታደርጋለች፣ ትሰማለች፣ መልስ ከመጣ ትቆማለች። አንዴ ሌላ አውቶቡስ መጥቶ መስታወቶቹ ሊሳሳሙ ምንም አልቀራቸውም፤ እሷ ማስቲካዋን እያኘከች አለፈችው። ቀኝ እግሬ ወለሉን እየረገጠ ፍሬን ሲይዝ ልጄ አይታ ሳቀችብኝ።

ማዮሪን እንዳለፍን መንገዱ ይብሳል። ባለቤቴ ዝም አለች። ሎሚውን በጥፍሯ ልጣ አፍንጫዋ ላይ ያዘችው። ፊቷ አመድ መሰለ። ቼታራ የምትባል የዓሣ አጥማጆች መንደር ፌርማታ ላይ በሩ ሲከፈት ተነሣሁና ክንዷን ያዝኩ።

“እንውረድ” አልኩ።

“አባዬ፣ 15 ደቂቃ እኮ ነው የቀረን! የሚቀጥለው ሞልቶ ቢመጣስ?” አለች ልጄ።

“ቆመን እንሄዳለን። ካልቆመልንም ሌላ እንጠብቃለን።”

አምስታችንም ወረድን። አውቶቡሱ ሄደ። ባለቤቴ ድንጋይ አጥር ላይ ተቀምጣ አማቼ የሰጣትን ውኃ ትንሽ ትንሽ ጠጣች፣ ፊቷን ታጠበች። የልጅ ልጄ ከታች የተደረደሩትን ጀልባዎች ትቆጥራለች። ነፋሱ ቀዝቀዝ ያለ ነበር፤ ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ አስተካከልኩላት። ብዙ ቆይታ፣ ባሕሩን እያየች፣

“ያኔም እኮ አንድ ሜዳ ነበረ” አለች።

“ነበረ” አልኳት።

ሌላው አውቶቡስ ከ50 ደቂቃ በኋላ መጣ፣ እንደተፈራው ጢም ብሎ። አንድ ወጣት ለእሷ ተነሣላት። እኔ ከአጠገቧ ብረቱን ይዤ ቆምኩ፣ በሌላው እጄ የላጠችውን ሎሚ ይዤላት ነበር።