«ቲቸር፣ እሱ እኮ ውሸት ነው!»

ሬስሊንግ እወዳለሁ ስል የማይስቅብኝ የለም፤ በተለይ የቀድሞ ተማሪዎቼ። አዎ፣ ማን እንደሚያሸንፍ አስቀድሞ ይወሰናል፤ ዛሬ ይኼን የማያውቅ የለም። ግን እስቲ የብሬት ሃርትን ነገር ልንገራችሁና ከዚያ እንከራከራለን። (ዘመኑን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ውሰዱልኝ።)

ብሬት በ1957 ካናዳ፣ ካልጋሪ ተወለደ። አባቱ ስቱ ሃርት ታጋይ ነበር። ታጋይ ስል የበረሃውን እንዳይመስላችሁ! የራሱ የሬስሊንግ ድርጅትም ነበረው። 12 ልጆች ወለደ። ስምንቱም ወንዶች በአንድም በሌላም መንገድ ሬስሊንግ ውስጥ ገቡ፤ አራቱም ሴቶች ሬስለር አገቡ። የቤታቸውን ምድር ቤት «ደንጀን» ይሉታል፣ የጨለማ እስር ቤት እንደማለት ነው። አባትየው ሠልጣኙን እዚያ አውርዶ እስኪጮህ ድረስ ይጠመዝዘዋል። እሱ ጩኸት ድራማ አልነበረም።

ከዚያ ቤት የወጣው ብሬት ትልቁ ኩራቱ ምን ነበር መሰላችሁ? ቀበቶው አይደለም። አብሮኝ የሠራ ሰው በእኔ እጅ ክፉኛ ተጎድቶ አያውቅም የሚለው ነው። እኔ ሬስሊንግን እንደ ሙያ ማየት የጀመርኩት ይኼን ከሰማሁ በኋላ ነው። ሰውየው አንስቶ ሲጥልህ አንገትህን አምነህ ሰጥተኸዋል ማለት እኮ ነው። በደህና መመለስ የእሱ ኃላፊነት ነው።

ማርች 20 ቀን 1994፣ ኒውዮርክ፣ ማዲሰን ስኩዌር ጋርደን፣ ሬስልማኒያ 10። ብሬት ከታናሽ ወንድሙ ከኦወን ጋር ገጠመ። ኦወን የ12ቱ መጨረሻ ልጅ ነው፤ የተሰጠው ገጸ ባሕርይም በወንድሙ ጥላ ሥር መኖር ያንገፈገፈው ቅናተኛ ነበር። ኦወን አሸነፈ! በዚያው ምሽት ግን ብሬት ዮኮዙናን ጥሎ ቀበቶውን ወሰደ። ሁሉም ከብቦት ሲጨፍር ኦወን ራቅ ብሎ ቆሞ ያየዋል። ታላቅ ወንድም ያለው ሰው ያችን አስተያየት ያውቃታል።

የ1997ቱን የሞንትሪያል ጉድ ባጭሩ ልለፈው። ብሬት ወደ ተቀናቃኙ ድርጅት ሊሄድ ሲል ባለቤቱ ቪንስ ማክማን ሳይነግረው ደወል አስደውሎ ቀበቶውን ለሾን ማይክልስ ሰጠበት።

ሜይ 23 ቀን 1999 ኦወን ካንሳስ ሲቲ ላይ ከአዳራሹ ጣሪያ በገመድ ወደ ሪንጉ እንዲወርድ ተደረገ። ለትርኢት ማሳመሪያ ነው እንግዲህ! ማያያዣው ተለቀቀ። 34 ዓመቱ ነበር። አስተላላፊው ጂም ሮስ «ይኼ የትርኢቱ አካል አይደለም» እያለ ለተመልካቹ ደጋግሞ መናገር ነበረበት። የሚያምነው ሰው ይጠፋላ! ከዚያስ? ትርኢቱ ቀጠለ። ይኼ እስከ ዛሬ አይዋጥልኝም። ባለቤቱ ማርታ ከሰሰች፣ በ18 ሚሊዮን ዶላር ተስማሙ፤ የድርጅቱ የክብር መዝገብ ውስጥ ስሙ እንዲገባ ግን እምቢ እንዳለች ናት።

በዚያው ዓመት ዲሴምበር ላይ ጎልድበርግ የሚባለው ግዙፍ ሰው ብሬትን ጭንቅላቱን በእርግጫ መታው። ይኼኛው ምት በጥንቃቄ አልተሰነዘረም። አንጎሉ ተጎዳ፣ በ2000 ሥራውን ለማቆም ተገደደ፤ በ2002 ደግሞ ከብስክሌት ወድቆ ስትሮክ መታው።

በ2010 ተመልሶ ከሾን ማይክልስ ጋር ሕዝብ ፊት ተቃቀፈ። የጎልድበርግን እርግጫ ግን ስንት ዓመት ቆይቶም በቃለ መጠይቅ ሲያነሳው ይንገበገባል።