የቲቮሊ ፏፏቴዎች

ከሮማ በስተምሥራቅ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው በቲቮሊ ከተማ፥ «ቪላ ዴስቴ» የሚባል የታወቀ ቤትና አትክልት አለ። (ዓመቶቹን የጻፍሁት በአውሮጳውያን አቆጣጠር ነው።) ካርዲናል ኢፖሊቶ ዴስቴ በ1550 የቲቮሊ ገዥ ሆነው ሲሾሙ ለመኖሪያ ያገኙት የቆየ ገዳም ነበር። በቤተ መንግሥት ላደጉ ሰው ይህ አልበቃምና ለውጠው አሠሩት። ንድፉን ያወጣው ፒሮ ሊጎሪዮ ነው።

ቤቱ ከውጭ ሲታይ፥ እንደ እኔ አስተያየት፥ ያን ያህል አያስደንቅም። የሚያስደንቀው ከበታቹ ያለው ቁልቁለት ነው። የአኒዬኔ ወንዝ ውሃ ከከተማው ሥር በተቦረቦረ መተላለፊያ ይመጣና በመቶ በሚቈጠሩ ምንጮች ይፈናጠራል። ውድ አንባቢ፥ አንድም የውሃ መሳቢያ መኪና የለም! ውሃው ከከፍታ ስለሚወርድ ብቻ ተመልሶ ወደ ላይ ይዘላል፤ በፊዚክስ ትምህርታችን የተማርነው ሕግ እዚያ ጌጥ ሆኗል። አንደኛው ፏፏቴ እንዲያውም ኦርጋን ይነፋል፤ የሚወርደው ውሃ አየሩን እየገፋ ወደ ቧንቧዎቹ ያስገባዋል። ለብዙ ዘመን ዝም ብሎ ኖሮ በ2003 ታድሶ እንደገና መዝፈን ጀመረ።

ነገር ግን ያ ቁልቁለት ባዶ መሬት አልነበረም። ሰው ይኖርበት ነበር። ለአትክልቱ ሲባል ቤቶች ፈረሱ፤ ነዋሪዎቹም ካርዲናሉን ከሰሱ፤ ሥራው ግን አልቆመም። በአቅራቢያው ካለው ከንጉሠ ነገሥት ሃድሪያን ፍርስራሽም ሐውልትና ዕብነ በረድ ተጋዘ። ካርዲናሉ በ1572 ሲሞቱ አትክልቱ ገና አላለቀም ነበር።

ስፍራው በ2001 በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል፤ ይገባዋልም። እኔ ግን «መቶ ምንጮች» የሚባለውን ጎዳና በፎቶግራፍ በተመለከትሁ ቍጥር፥ በየትኛው ምንጭ ሥር የማን ምድጃ እንደ ነበረ ማወቅ እሻለሁ።