የአባቴ ደብተርና ያልፈረሰው ክላስተር

ዛሬ የማካፍላችሁ ከሥራዬ ነው። ትንሽ የኮምፒውተር ወሬ አለበት፤ ታገሡኝ። ድንኳን ተክሎ የሚያውቅ ሰው ይገባዋል።

ወደ ጌታ የሄደው አባቴ እዚህ ጅማ፣ ቦሳ ኪቶ፣ የሰፈራችን እድር ንብረት ያዥ ነበር። ለቅሶ ሲደርስ ድንኳን የሚተክል ሰው አይጠፋም። ጎረምሳው ሁሉ ይሮጣል፤ አንዱ ምሰሶ ያቆማል፣ ሌላው ገመድ ይወጥራል፣ አግዳሚ ወንበሩ በትከሻ ይመጣል። ሲፈርስ ግን አባቴና ሁለት ሽማግሌዎች ብቻ ይቀራሉ። እሱ ደብተሩን ይዞ ይቆጥራል፦ ይህን ያህል ብርጭቆ ወጣ፣ ይህን ያህል ገባ። አንዲት ማንቆርቆሪያ ብትጎድል ቤት ለቤት ዞሮ ይጠይቃል። በልጅነቴ ያሳፍረኝ ነበር። ሰው አልቅሶ ሳይጨርስ ስለ ብርጭቆ!

እኔ ኪቶ ፉርዲሳ ካምፓስ ተምሬ፣ አሁን ከቤቴ ሆኜ ውጭ አገር ላለ ድርጅት እሠራለሁ። ሥራዬ ድንኳን መትከል ነው ብል አልዋሸሁም። በዘመኑ አሠራር ፕሮግራሞች ኮንቴይነር በሚባል ነገር ታሽገው ይላካሉ፤ ኮንቴይነሮቹን የሚሸከሙ ማሽኖች በአንድነት ሲያያዙ ክላስተር ይባላሉ። ማሽኖቹ የእኛ አይደሉም፤ ከክላውድ አቅራቢ የምንከራያቸው ናቸው። ሁሉን የሚያስተባብረው ኩበርኔቲስ የተባለ ሶፍትዌር ነው፤ ጉግል እ.ኤ.አ. በ2014 ለሕዝብ የለቀቀው። ስሙ ግሪክኛ ነው፣ የመርከብ መሪ ማለት ነው። በሐዋርያት ሥራ 27 ላይ የመቶ አለቃው ከጳውሎስ ይልቅ ያመነው የመርከብ መሪ በግሪኩ በዚሁ ቃል ተጠርቷል። ይህን ያወቅሁ ቀን ደስ አለኝ። መርከቡ መሰበሩን ግን አብሬ ማስታወስ ነበረብኝ።

ድርጅታችን አዲስ ነገር ሲሞክር ለጥቂት ሰዓት ብቻ የሚያገለግል ክላስተር ይፈልጋል። በእጅ ሲተከል ግማሽ ቀን ይፈጅብኝ ነበር። ስለዚህ ቴራፎርም በሚባል መሣሪያ ጻፍኩት፤ የሚያስፈልገው ሁሉ በፋይል ይዘረዘራል፣ አንድ ትእዛዝ ይሰጣል፣ ቡናው ተቆልቶ ተወቅጦ እስኪፈላ ክላስተሩ ቆሞ ይጠብቃል። አለቃዬ በሁሉ ፊት አመሰገነኝ፤ እኔም ልቤ ከፍ አለ። ማፍረሱን ግን "ስጨርስ አጠፋዋለሁ" እያልኩ ለትዝታዬ ተውኩት።

የኮንፈረንስ ሰሞን ነበር። አንድ ዓርብ ማታ ከመዘምራን ልምምድ እንዳልቀር ላፕቶፔን ዘግቼ ወጣሁ። ክላስተሩ አምስት ሳምንት ሙሉ ማንም ሳይጠቀምበት ቆመ። ነገሩ እንዲገባችሁ፣ አማዞን ለምሳሌ ለክላስተሩ መቆጣጠሪያ ክፍል ብቻ በሰዓት 10 የአሜሪካ ሳንቲም ያስከፍላል። ሳንቲም ናት፣ ግን ሌሊት አትተኛም፤ በወር ወደ 73 ዶላር ትደርሳለች። ማሽኖቹ፣ ዲስኩና ኔትወርኩ ለየብቻ ይከፈልባቸዋል። የእኔ ዕዳ ወደ 380 ዶላር ሆኖ መጣ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሬው ሥርዓት ተለውጦ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር ካለፈ ወዲህ፣ በእኛ ብር ከ45 ሺህ በላይ ነው። ጉልበቴ ከዳኝ።

እውነቱን ልንገራችሁ። ሒሳቡ ከብዙ ክላስተሮች ጋር ተደባልቆ ነበር፤ "ለረጅም ሙከራ ያቆየሁት ነው" ብል የሚመረምረኝ አልነበረም። መልእክቱን ጽፌ ጨርሻለሁ፤ መላክ ብቻ ነበር የቀረኝ። እማዬ ሲኒ ይዛ ገባችና ፊቴን አየች። "ምን ሆነሃል ልጄ?" የተከልኩትን ድንኳን ሳላፈርስ ረስቼ እንደሆነ በእሷ ቋንቋ ነገርኳት። አልተቆጣችም። "ታዲያ ደብተሩ ላይ ምን ብለህ ልትጽፍ ነው?" አለችኝ።

መልእክቱን አጠፋሁትና ረሳሁ ብዬ ጻፍኩ። አለቃዬ በማግስቱ ደወለ። "ገንዘቡን ተወው፤ ማፍረሱንም እንደ መትከሉ ጻፈው" አለኝ። ይኸው ነው።

ቀላል መስሎኝ ነበር። ቴራፎርም የራሱ ደብተር አለው፤ የተከለውን ይመዘግባል፣ የመዘገበውን ብቻ ያፈርሳል። ነገር ግን ኩበርኔቲስ በሥራ ላይ ሳለ በራሱ ፈቃድ ከአቅራቢው ዲስክና ሎድ ባላንሰር፣ ማለትም ጎብኚውን ለማሽኖቹ የሚያከፋፍል በረኛ፣ ያስመጣል። እነዚህ በቴራፎርም ደብተር ላይ የሉም። ክላስተሩ ቀድሞ ከጠፋ ባለቤት አልባ ሆነው ይቀራሉ፤ ሒሳቡ ግን ይቀጥላል። በረኛው ስላልወጣም ኔትወርኩ አልፈርስም ይላል። ስለዚህ መጀመሪያ ኩበርኔቲስ ያስመጣውን ራሱ እንዲመልስ ማዘዝ፣ እስኪመልስም መጠበቅ፣ ከዚያ ማሽኖቹን፣ ከዚያ ክላስተሩን፣ በመጨረሻ ኔትወርኩን። መጠበቁን ዘልዬ ሁለት ቀን ባከንኩ።

በሦስተኛው ቀን ማፍረሱ መሃል ላይ ሳለ መብራት ሄደ፤ ኢንተርኔቱም ተከተለው። ግማሹ ፈርሶ ግማሹ ቆመ። ከዚያ በኋላ ደብተሩንም ትእዛዙንም ከላፕቶፔ አውጥቼ የቦሳ ኪቶ መብራት የማያገኘው ቦታ አስቀመጥኳቸው።

በዚያ ሳምንት በቤት ጥናታችን ትንቢተ ዮናስ ምዕራፍ 4 ላይ ደረስን። ቅሉን ያዘጋጀው እግዚአብሔር ነው፤ ትሉንም ያዘጋጀው እርሱው ነው። ስንት ጊዜ አንብቤዋለሁ፤ ሁልጊዜ ግን ትሉ እንደ አደጋ የመጣ ይመስለኝ ነበር። "እኔ ቅል ብቻ ነበር ያዘጋጀሁት፣ ትል የለኝም" ስል ወንድሞች ሳቁብኝ። አንዲት እኅት ግን ዮናስ የተቆጣው በየትኛው እንደሆነ ጠየቀችን፤ እስክንለያይ በዚያ ቆየን።

አሁን እያንዳንዱ ክላስተር ሲተከል የባለቤቱ ስምና የሚፈርስበት ሰዓት ይጻፍበታል። አንድ ፕሮግራም በየሰዓቱ እየዞረ ጊዜው ያለፈበትን በቅደም ተከተሉ ያፈርሳል። የመጀመሪያውን ሳምንት ስም ዝርዝር ብቻ እንዲያመጣ እንጂ እንዳይነካ አደረግሁ፤ የሰው ድንኳን በላዩ ላይ ማፍረስ ያስፈራል።

ትናንት ሌሊት ሰፈሩ በሙሉ ጨለማ ነበር። ንጋት ላይ ስልኬን ከፈትኩ፤ ሌሊት 7 ሰዓት ላይ ሦስት ክላስተር ፈርሷል፣ በረኞቹም ወጥተዋል። እማዬ ከጓሮ "ሁሉም ገባ?" አለችኝ። አልገባም። የባለቤቱ ስም ያልተጻፈበት አንድ ዲስክ ቀርቷል፤ ከጠዋት ጀምሮ የሥራ ባልደረቦቼን አንድ በአንድ እየጠየቅሁ ነው።